ቆዳችን ቁርበት አይደለም

አማርኛን ከአፍ መፍቻ ቋንቋችን ቀጥለን የተማርን ሰዎች አንዳንድ ቃል ያሳፍረናል፤ ነገር ግን ያሳፈረን ቃል አንዳንድ ጊዜ ተመልሶ መምህራችን ይሆናል። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር በእኛው በራሳችን ላይ የደረሰና እንዲህ ካለ ከአንድ ቃል የተነሣ ነው።

እኛ አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ነው። በትግርኛ የሰውም ሆነ የከብት ገላ የተሸፈነበት ነገር «ቆርበት» ይባላል። በአማርኛ ግን የሰው ሲሆን «ቆዳ» ነው፤ «ቁርበት» የሚባለው ከታረደ ከብት ላይ ተገፎ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ተፍቆና ለፍቶ ለመኝታ ወይም ለመቀመጫ የሚነጠፈው ነው። ይህን ልዩነት በመጽሐፍ እናውቀው ነበር። ነገር ግን የታመመ ሰው እንደ መጽሐፍ አይናገርምና፥ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት የቆዳ ሐኪም ፊት በቀረብን ጊዜ «ዶክተር፥ ቁርበቴ ተቃጠለብኝ» ብለን አረፍነው።

ሐኪሟ ሣቃቸውን ለመዋጥ ሞክረው አልሆነላቸውም። ከዚያ በኋላ መብራት አቅርበው ፊታችንን በአጉሊ መነጽር መረመሩና፥ «ጌታዬ፥ የተሳሳቱት በአፍዎ ብቻ አይደለም፤ በእጅዎም ተሳስተዋል። የሚፋቀውና የሚለፋው ቁርበት ነው። ቁርበት ቢፍቁት አያመውም፤ ቢቀዱትም አይድንም። ይህ ግን ቆዳ ነው፤ ሕያው ነው» አሉን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህን ንግግር በመንገድ ላይ ደጋግመን አሰብነው። ከሁሉ ይልቅ የከበደን ግን ይህን ልዩነት ሳናስተውል እስከ ጕልምስና መድረሳችን ነበር።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ያደግነው በትግራይ ውስጥ በሚገኝ በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ቤት ስለ ተማርነው ፊደል፥ ስለ በላነው እንጀራና ሰዓት ማክበርን ስለ መልመዳችን ያለን ምስጋና እስከ ዛሬ አልቀነሰም። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበረ። ዘወትር ሰኞ ጧት ትምህርት ሳይጀመር በግቢው ውስጥ ተሰልፈን አንገታችን፥ ክርናችን፥ ጕልበታችንና ጥፍራችን ይመረመር ነበር። ተቈጣጣሪው ነጭ መሐረብ ይዞ በሰልፉ መካከል ያልፋል፤ ክርኑ ጠቍሮ የተገኘ ልጅ «ገና አልጠራህም» ይባልና ወደ ውሃው ይመለሳል።

በውሃው ዳር ሻካራ ድንጋይ ነበረ። የክርንና የጕልበት ቆዳ ሁልጊዜ ስለሚታጠፍና ስለሚታሸት ከሌላው ገላ ይልቅ እንደሚወፍርና እንደሚጠቍር፥ ይህም እድፍ ሳይሆን ተፈጥሮ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ድንጋይ እስኪያቃጥለን ድረስ እንፈትግ ነበር። ሲያቃጥለን ደስ ይለናል፤ ማቃጠሉ የመጥራታችን ምልክት መስሎን ነበርና። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ኢትዮጵያዊው መልክ ያነሣውን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነበብ በሰማን ጊዜም፥ ሌሎቹ ልጆች እንደ ምሳሌ ሲሰሙት እኛ እንደ ቤት ሥራ ሰማነው። የልጅነት ትምህርት እንዲህ ነው፤ አስተማሪው ያላሰበውን ነገር ተማሪው ይዞት ይቀራል።

አድገን የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንን፥ ትዳር ከያዝንና አንዲት ሴት ልጅ ከወለድን በኋላ ይህ ሁሉ የተረሳ መስሎን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ባለጉዳይ ወደሚበዛበትና ስብሰባ ወደማይጠፋበት ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ተዛወርን። ለዚህ ሥራ ጢምን በየቀኑ ከሥር መላጨት ግድ ሆኖ ታየን። ፀጕሩ ጥቅልል የሆነ ሰው ጢሙን ከሥር በተላጨ ቍጥር፥ የተቈረጠው ፀጕር ሲያድግ ታጥፎ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ በገባበት ቦታ ትንሽ ዕብጠት ይወጣል፤ ዕብጠቱም ሲድን ጥቍር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ሳያልፉ አገጫችንና አንገታችን በእነዚህ ነጥቦች ተሞላ። ያን ጊዜ የሰኞ ጧቱ ሰልፍ ትዝ አለን። በመስተዋት ፊት በቆምን ቍጥር «ገና አልጠራህም» የተባልን ይመስለን ጀመር።

መጀመሪያ ስኳር ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅለን በሳምንት ሁለት ቀን ፊታችንን አሸንበት። ቀጥሎም በየቀኑ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ለተረከዝ የተሠራውን የእግር መፋቂያ ድንጋይ ወደ አገጫችን አወጣነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን በስልኩ ያየውን ነግሮን፥ ከመርካቶ ግላይኮሊክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ገዛን፤ ማታ ማታም ሬቲኖል የሚባለውን ቅባት ጨመርንበት። እነዚህ ሁለቱ እያንዳንዳቸው በልክና በጊዜያቸው ቢሆኑ ጥቅም አላቸው። ዶክተር ዩጂን ቫን ስኮት ከባልደረባቸው ከሩዪ ዩ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1974 እንደ ግላይኮሊክ ያሉት አሲዶች ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየወፈረ ለሚቸገሩ ሕሙማን እንደሚረዱ ጽፈው ነበር። ነገሩ መድኃኒት ነው ማለት ነው፤ መድኃኒትም ልክ አለው። እኛ ግን መድኃኒት ሲበዛ ፈውስ የሚበዛ መስሎን፥ ሁሉንም በአንድ ፊት ላይ አከማቸነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ፊታችን አበራ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን «ምን ተቀብተህ ነው እንዲህ ያማረብህ?» አሉን፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ነገር ግን ያ ብርሃን ወዝ አልነበረም። ወዝ ከጤናማ ቆዳ ከውስጥ የሚወጣ ልስላሴ ነው። የእኛ ፊት ግን እንደ ከበሮ ተወጥሮ የሚያብረቀርቅ ደረቅ ነገር ነበር። ያልተታለለች ባለቤታችን ብቻ ናት። አንድ ምሽት በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታየን ከቈየች በኋላ፥ «አሁን ይኼ ፊት ነው ወይስ ጫማ የምትወለውለው?» አለችን። እኛም ቀልድ አድርገን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ ምልክቶቹ በየተራ መጡ፤ አንባቢም ይለያቸው ዘንድ እንደ አመጣጣቸው እንጽፋቸዋለን። አንደኛ፥ ፊታችንን ታጥበን ስናበቃ ቆዳችን ከመወጠሩ የተነሣ ስንሥቅ የሚሰነጠቅ ይመስለን ጀመር። ሁለተኛ፥ ለዓመታት የተቀባነውና አንድም ቀን አስቸግሮን የማያውቅ ተራ ቅባት አቃጠለን፤ በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ እንኳ ያቃጥለን ጀመር። ሦስተኛ፥ በአፍንጫችን ዙሪያና በጕንጫችን ላይ ቅርፊት እየተነሣ ረገፈ። አራተኛ፥ ቆዳችን ደርቆ እየተላጠ ሳለ፥ ከሰዓት በኋላ ግን ቅባት ያመነጭ ነበር፤ ከዚህ ቀደም ምንም ባልነበረበት ቦታም ጥቃቅን ሽፍታ ወጣ። አምስተኛ፥ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲነካን እሳት ዳር የተቀመጥን ያህል ይፈጀን ነበር።

ስድስተኛውን ምልክት ለብቻው ማንሣት ይገባናል፤ እኛን ያሳሳተን እርሱ ነውና። በብዙ ምክርና ማስታወቂያ ላይ «የተጐዳ ቆዳ ይቀላል» ተብሎ ይነገራል። ይህ አነጋገር ለነጭ ቆዳ የተስማማ ነው። በጠይምና በጥቍር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጐልቶ አይታይም፤ የተቈጣው ቦታ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ የተጠጋ ሆኖ ከአካባቢው ይልቅ ይጠቍራል። ቆዳ በተቈጣ ጊዜ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ያበዛሉና፥ ያ ጥቍረት ቍጣው ካለፈ በኋላም ለወራት ይቈያል። እኛ ቅላት ስንጠብቅ ጥቍረት አየን፤ ጥቍረት ባየን ቍጥርም እድፉ ገና አለቀቀም ብለን ፋቅን፤ በፋቅን ቍጥርም ጠቈርን። በዚህ ክብ መንገድ አምስት ወር ዞርን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ነጥብ ልናጠፋ ተነሥተን ጕንጫችንን ሁሉ ነጥብ አደረግነው።

ወደ ሐኪሟ የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው። እርሳቸውም የቆዳን አሠራር ያስረዱን በግንብ መስለው ነው። የቆዳ የመጨረሻው የላይኛ ሽፋን፥ በፊት ላይ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ወይም ሁለት መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ ቅጠል ወረቀት እጅግ ይሳሳል። በዚህ ሽፋን ውስጥ ሥራቸውን ጨርሰው የደረቁ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረዋል። በመካከላቸውም ሴራሚድ፥ ኮሌስትሮልና የስብ አሲድ የሚባሉ የቅባት ዓይነቶች እንደ ጭቃ ሆነው ያያይዟቸዋል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኢሊያስ እ.ኤ.አ. በ1983 ነገሩን በዚሁ በጡብና በማያያዣው ምሳሌ ገልጸውታል። እኛ ግን ስንሰማ በዓይናችን የመጣው ጡብ ሳይሆን ያደግንበት ሕድሞ ነው። ሕድሞ በአገራችን በትግራይ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ ቤት ነው። የሕድሞ ጭቃ በዝናብ ታጥቦ ካለቀ፥ ድንጋዩ ለጊዜው እንደ ቆመ ይቈያል፤ ነገር ግን ብርዱ ይገባል፥ ሙቀቱም ይወጣል። የተፋቀ ቆዳም እንደዚሁ ነው፤ የውስጡ እርጥበት ይወጣል፥ የውጩ ሳሙናና አቧራ ይገባል። ንጹሕ ውሃ እንኳ ያቃጠለን ግንቡ ስለ ፈረሰ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩን በቀላሉ አልተቀበልንም። «ዶክተር፥ ማስታወቂያው ሁሉ የሞተውን ሕዋስ አንሡ ይላል። የሞተው ቢነሣ ምን ይጐዳል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «የጎጆ ክዳን ሣርም የሞተ ሣር ነው፤ ታዲያ በክረምት ያነሡታል?» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ቆዳ አሮጌውን ክዳን ራሱ ያራግፋል፤ አዲሱንም ከሥሩ እየሠራ ያወጣል። በወጣት ሰው ላይ አንድ ሕዋስ ከታች ተወልዶ፥ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ ድረስ 28 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከ40 ቀን በላይ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የአንድ ወሩን ሥራ በአንድ ምሽት ልናስጨርሰው ፈለግን።

ስለ ሎሚውም ነገሩን። የአሲድ ኀይል በሚለካበት መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ጤናማ ቆዳ በ5 አካባቢ ይገኛል። የሎሚ ጭማቂ በ2 አካባቢ ነው፤ ተራ ደረቅ ሳሙና ደግሞ በተቃራኒው 9 ወይም 10 ይደርሳል። እኛ ጧት በሳሙና፥ ማታ በሎሚ ስንታጠብ፥ ቆዳችንን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ስንወረውረው ነበር።

የታዘዘልን ነገር በግማሽ ገጽ ወረቀት ተጻፈ። ድንጋዩ፥ ስኳሩ፥ ሎሚው፥ አሲዱና ሬቲኖሉ ሁሉ በአንድ ቀን ይቁም። ፊት በለብታ ውሃ ይታጠብ፤ ሽቶ የሌለው ለስላሳ ማጠቢያ በቀን አንድ ጊዜ፥ ማታ ብቻ ይበቃል። ፎጣ ፊትን ይንካው እንጂ አይሸው። ፊቱ ገና እርጥብ ሳለ ሽቶ የሌለበት ማለስለሻ ይቀባ፤ ማታም በላዩ ስስ የሆነ ንጹሕ ቫዝሊን ይደረብበት። ቫዝሊን እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ዓለም የሚያውቀው ርካሽ ነገር ነው፤ ቆዳን አያድስም፥ ነገር ግን ቆዳ ራሱን እስኪያድስ ድረስ እርጥበቱን ይጠብቅለታል። የተነሣ ቅርፊት በጥፍር አይነቀል። ምላጭም ለጊዜው ይቁም።

በዚያው ሳምንት እናታችን ከአገር ቤት ስልክ ደወሉ። ድምፃችን እንደ ወትሮው አልመስል ብሏቸው ምን እንደ ሆንን ሲጠይቁ ነገሩን ሁሉ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ወደይ፥ ገጽካ ግደፎ» አሉን። ይህም በአማርኛ «ልጄ፥ ፊትህን ተወው» ማለት ነው። ሐኪሟ በግማሽ ገጽ የጻፉልንን እናታችን በሦስት ቃል ጨረሱት።

ዳሩ ግን መተው ከመፋቅ ይልቅ ከባድ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ታዘዝን። በሁለተኛው ሳምንት ፊታችን ከቀድሞው ይልቅ ተላጠ፤ ነጥቦቹም ጐልተው ታዩ። በማግስቱ ትልቅ ስብሰባ ነበረብን። ያን ማታ ቤተ ሰቡ የተኛ መስሎን፥ «ለዛሬ ብቻ» ብለን ድንጋዩን ልናነሣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድን። ድንጋዩ ግን በቦታው አልነበረም።

ድንጋዩን ያነሣችው የሰባት ዓመት ልጃችን ናት። በመታጠቢያው ወለል ላይ ተቀምጣ፥ የሌሊት ልብሷን እጅጌ ሰብስባ፥ ክርኗን ትፈትግ ነበር። ክርኗ ተልጦ ደም አዝሏል፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል፤ ነገር ግን አላቆመችም። ባየችን ጊዜ አልደነገጠችም። «አባዬ፥ እኔም እንደ አንተ ጥቁሩን እያስለቀቅኩ ነው። ሲያቃጥል ነው አይደል የሚለቀው?» አለችን።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ሰዓት የተሰማንን በጽሑፍ ለመግለጽ አንችልም። ያን አነጋገር ለልጃችን ማንም አላስተማራትም። እኛም በአፋችን አንድ ቀን እንኳ አልነገርናትም። ነገር ግን አምስት ወር ሙሉ በየማታው በዚያ መስተዋት ፊት ቆመን፥ በእጃችን ስናስተምራት ኖረናል። ያ የሰኞ ጧት ሰልፍ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የቀረ መስሎን ነበር፤ እኛው ራሳችን ተሸክመን ቤታችን አስገብተነዋል። ነጩን መሐረብ የያዝነው አሁን እኛ ነበርን።

ድንጋዩን ከእጇ ተቀበልናት፤ ክርኗን በውሃ አጥበን ቫዝሊን ቀባንላት። ከዚያም ይዘናት ወደ ሳሎን ወጣን። በሳሎናችን ውስጥ ከእናታችን የተላከችልን አንዲት አሮጌ ቁርበት አለች። በአንድ ጐኗ የጣት ጫፍ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለባት። የልጃችንን ጣት በዚያች ቀዳዳ ላይ አድርገን፥ «ይህች ቀዳዳ እኔ እንደ አንቺ ልጅ ሳለሁም ነበረች። እስከ ዛሬ አልዳነችም፤ ቁርበት አይድንምና። የአንቺን ክርን ግን ጠብቂና እይው» አልናት። እርሷም «ስንት ቀን ልጠብቅ?» ብላ ጠየቀች። እኛም ይህን ጥያቄ ለሐኪሟ ያቀረብነው እንዲሁ በችኰላ እንደ ነበረ ትዝ አለን።

የልጃችን ክርን በአሥረኛው ቀን አዲስ ቆዳ አወጣ። ወደ ቁርበቷ ሮጣ ሄዳ ቀዳዳዋን አየችና «እሷስ አሁንም እንደዛው ናት» አለችን። በዕድሜዋ ልክ ነገሩን ተረዳችው። ስለ ክርኗ ጥቍረትም፥ እጇ ሲታጠፍ ክርን ስለሚሠራ የሠራተኛ ቀለም መሆኑን ነገርናት፤ ደስ አላት።

በማግስቱ ወደ ስብሰባው በተላጠ ፊታችን ሄድን። የሰው ሁሉ ዓይን እኛ ላይ ያረፈ መስሎን ነበር፤ አንድም ሰው ግን ስለ ፊታችን አላነሣም። የጠየቁን ስለ ሪፖርቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የነበረው አካሄድ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ማቃጠሉን ተወ። በአራተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ጠፋ። በስድስተኛው ሳምንት ፊታችን ሳይወጠር መሣቅ ቻልን። ጉዳቱ ቀላል የሆነበት ሰው በሁለት ሳምንት ሊድን ይችላል፤ እንደ እኛ ለወራት የፋቀ ግን ከአንድ ወር በላይ መጠበቅ አለበት። ጥቋቍሩ ነጥብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ በዝግታ የሚደበዝዝ ነው፤ የእኛው አሁን ከግማሽ በላይ ደብዝዟል፥ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ጢማችንንም ዛሬ የምንቈርጠው ጥቂት በሚያስቀር መቍረጫ ነው እንጂ ከሥሩ አንላጨውም፤ ስለዚህ አዲስ ዕብጠት ቀንሷል፤ ሥራችንም በዚህ ምክንያት አልተበደለም።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ ቆዳን የሚጐዳው የፀሐይ ጨረር ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ የዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም። ክዳኑ የተነሣ ቆዳ ይህን ጨረር አይችለውም፤ ጥቍር ነጥብም በፀሐይ ይብሳል። ስለዚህ የመከላከያ ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጧት መቀባት፥ ይህም ባይገኝ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ ያስፈልጋል። እናቶቻችን በነጠላቸው ጥግ ፊታቸውን ከቀትር ፀሐይ ሲከልሉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቆዳው ከዳነ በኋላ የደረቀ ሕዋስ የሚያነሣ ነገር መጠቀም የሚፈልግ ሰው አንዱን ብቻ ይምረጥ፤ በመጀመሪያ በክንዱ ውስጠኛ ጐን ላይ ጥቂት ቀን ይሞክረው፤ ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይጀምር። ሲያቃጥለው ያቁም እንጂ፥ እንደ እኛ እየሠራ ነው ብሎ አይደሰት። ውሃ የቋጠረ ቍስል፥ መግል፥ የፊት ማበጥ ወይም ትኵሳት ከታየ፥ ወይም ሁሉም ነገር ቆሞ በሁለትና በሦስት ሳምንት ለውጥ ካልመጣ፥ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

በተለይም ይዘታቸው በላያቸው ያልተጻፈ ቆዳ አቅይ ወይም አንጪ ተብለው የሚሸጡ ቅባቶች ከመፋቂያ ድንጋይ የባሰ አደጋ አላቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ስቴሮይድ ይገኛል፤ ይህ ቆዳን ያሳሳል፥ ለብዙ ጊዜ ተቀብተውት ድንገት ሲተዉት ደግሞ ፊት በአንድ ጊዜ ይቈጣል፤ ስለዚህ አተዋወቁ በሐኪም ምክር ይሁን። በአንዳንዶቹም ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ሜርኩሪ ኵላሊትን የሚጐዳ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን የቆዳ ቅባት ማምረትና መነገድ እንዲቀር የወሰነው ስለዚህ ነው።

አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙ የሥራ ጓደኞቻችን አንድ ቃል አክለን እንፈጽም። በዚህ ቋንቋ ቆሻሻን የማስለቀቂያ ግሦች ብዙ ናቸው፤ ማራገፍ፥ ማበስ፥ ማጠብ፥ ማሸት፥ መፈተግ፥ መፋቅ ይባላል። ልብስ ይራገፋል፥ ጠረጴዛ ይታበሳል፥ እህል ይፈተጋል፥ ቁርበት ይፋቃል። ፊት ግን ይታጠባል። ግሡን ከስሙ ጋር ማስማማት ሰዋስው ብቻ መስሎን ነበር፤ በገዛ ቆዳችን ላይ ግን ጤናም መሆኑን ተማርን።

ያ ድንጋይ ዛሬም በቤታችን አለ። ለተረከዝ ተሠርቶ ነበርና ወደ ተረከዝ ሥራው ተመልሷል። ልጃችንም ማታ ፊታችንን ስንታጠብ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች፤ ፎጣውን የምታቀብለን እርሷ ናት። አንዳንድ ቀን ረስተን ጠንከር አድርገን ስንጠርግ ካየች፥ «አባዬ፥ ቁርበት አይደለም እኮ!» ትለናለች። እኛም ታርመን ቀስ ብለን እንጠርጋለን።